ዝናቡ ሳይቀድመን

በተመራቂዎች መገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር

አንዳንዶቻችን ፀጉራችን ሸብቷል፣ አንዳንዶቻችን መነፅር ጨምረናል፤ ቢሆንም ዛሬ ሁላችንም ያው የድሮዎቹ ተማሪዎች ነን።

አዘጋጅ ኮሚቴው «ከሥራሽ አንድ ነገር አካፍይን» ሲለኝ ስለ ወንጀል ስፍራ ፎቶግራፍ እናገራለሁ አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «ዶክተር፣ እሱ የፖሊስ ሥራ አይደል እንዴ?» አለኝ አንዱ። ልክ ነው፣ የፖሊስ ሥራ ነው። እኔ በምሠራበት በጌዴኦ ግን፣ በተለይ ከወርቃና ከዙሪያዋ በሚመጡት ጉዳዮች፣ ማስረጃውን ቀድሞ የሚያየው ብዙ ጊዜ መርማሪው አይደለም። ተረኛው ሐኪም ነው፤ ተረኛዋ ነርስ ናት። ዛሬ ልነግራችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ያ የመጀመሪያ ዓይን በሥርዓት ካልመዘገበ፣ በኋላ የሚመጣ መርማሪም ሆነ ዳኛ የጠፋውን ሊመልሰው አይችልም።

ወርቃን ለማታውቁ ጥቂት ልበል። ቡናና እንሰት ተጠጋግተው የበቀሉበት፣ ቤት ከቤት በቀጭን የእግር መንገድ የሚገናኝበት ደጋማ አገር ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ያኮራን ያ ጥምር እርሻ፣ ለመርማሪ ግን ቀላል ቦታ አይደለም። ጥላው ከባድ ነው፣ መሬቱ ጭቃ ነው፣ በሚያዝያና በግንቦት ደግሞ ዝናቡ ምሕረት የለውም። አንድ ሰው ጓሮ ውስጥ ወድቆ ከተገኘ እሪታው ይሰማል፣ ሰፈሩ ሁሉ ይሮጣል። ሰውን ጥሎ የሚቆም ጎረቤት የለንም፤ ይህ ደግነት ነው። ሬሳው በኮባ ይሸፈናል፣ ደሙ በውኃ ይታጠባል፣ ገጀራው «ልጆች እንዳይነኩት» ተብሎ ይነሳል። ፖሊስ በሞተር ወይም በእግር እስኪደርስ መሬቱ በሃምሳ ሰው እግር ታርሷል። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ማስረጃው ግን ሄዷል።

በሕይወት ላለ ሰው ደግሞ ነገሩ ይለያል። የቆሰለ ሰው አካሉ ራሱ የወንጀል ስፍራ ነው። ይህን ስፍራ የምናጠፋው እኛው ሐኪሞች ነን፤ ሥራችን ስለሆነ። እናጥባለን፣ እንሰፋለን፣ እናሽጋለን፣ እናድናለን። ዱላ የሰነጠቀው ቆዳና ገጀራ የቆረጠው ቆዳ ከመሰፋታቸው በፊት ልዩነታቸው ግልጽ ነው። የስለቱ ጠርዝ ንጹሕ ነው። ዱላው የሰነጠቀው ግን ጠርዙ የተጨፈለቀ ይሆናል፣ በቁስሉ ውስጥም ከዳር እስከ ዳር እንደ ድልድይ የቀሩ ሥጋዎች ይታያሉ። ከተሰፉ በኋላ ሁለቱም ያው የክር መስመር ናቸው።

አንድ ጊዜ ፍርድ ቤት በባለሙያ ምስክርነት ተጠራሁ። ቁስሉን ያከመው ባልደረባችን ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ስለነበር ካርዱን አንብቤ እንዳስረዳ ነው የተጠየቅኩት። ከሳሽ «በገጀራ መታኝ» ይላል፤ ተከሳሽ «ተገፋፍተን ድንጋይ ላይ ወደቀ» ይላል። ካርዱ ላይ ያለው «የራስ ቁስል፣ 7 ሳንቲ ሜትር፣ ታጥቦ ተሰፍቷል» የሚል ብቻ ነው። ዳኛው ጠየቁኝ። «ዶክተር፣ ቁስሉ በስለት ነው ወይስ በድንጋይ?» ምን ልበል? «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ከዚህ ጽሑፍ ተነስቼ ልለየው አልችልም» አልኩ። ያ ሐኪም ሰውዬውን አድኖታል፤ በሕክምናው የሚነቀፍ ነገር የለም። ግን በሁለቱ አባባሎች መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሰው የእስር ዓመታት ነው። ከመስፋቱ በፊት የተነሳ አንድ ደህና ፎቶ ቢኖር ኖሮ ለአንደኛቸው ይመሰክር ነበር። ለየትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እንግዲህ «ደህና ፎቶ» ምን ማለት ነው? በኪሳችን ስልክ አለ፣ ሁላችንም እናነሳለን። ግን ፎቶ ማንሳትና ማስረጃ መያዝ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አልፎንስ ቤርቲዮን የተባለው የፓሪስ ፖሊስ ባለሙያ ከመቶ ዓመት በፊት ካሜራውን በረጅም ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ሰቅሎ ሬሳን ከላይ ቁልቁል ያነሳ ነበር፤ በፎቶው ጠርዝም መለኪያ ነበረው። የፈለገው ነገር ግልጽ ነው። ቦታውን ያላየ ሰው ፎቶውን አይቶ ርቀትን እንዲለካበት ነው። በላውዛን ዩኒቨርሲቲ ሩዶልፍ ራይስ በ1909 እ.ኤ.አ. የፖሊስ ሳይንስ ተቋም ሲያቋቁምም ፎቶግራፍ ከዋና መሣሪያዎቹ አንዱ ነበር። መርሁ ዛሬም አልተለወጠም።

ቅደም ተከተሉ ሦስት ነው፤ ከሩቅ፣ ከመካከል፣ ከቅርብ። የሩቁ ቦታውን ያሳያል፤ ጓሮውን፣ ቤቱን፣ መንገዱን፣ ከአራቱም ማዕዘን። የመካከሉ ዕቃው ከምን አጠገብ እንደነበረ ያሳያል፤ ገጀራው ከቡናው ግንድ ምን ያህል እንደሚርቅ። የቅርቡ ዝርዝሩን ያሳያል። የቅርቡን ሁለት ጊዜ እናነሳለን፤ መጀመሪያ ያለ ማስመሪያ፣ ቀጥሎ ከማስመሪያ ጋር። ለምን ሁለት ጊዜ? ጠበቃው «ማስመሪያው የሸፈነው ምን ነበር?» ብሎ እንዳይጠይቅ። አካል ላይም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ክንዱ ሙሉው፣ ከዚያ የክንዱ ክፍል፣ ከዚያ ቁስሉ። ቁስሉን ብቻ ካነሳን የክንድ ይሁን የጭን ማን ያውቃል?

ካሜራው ለቁስሉ ፊት ለፊት፣ ቀጥ ብሎ ይሁን። ከጎን አዘንብሎ የተነሳ ቁስልና ማስመሪያ መጠናቸው ይዛባል። ማስመሪያው ከቁስሉ እኩል ከፍታ ላይ ይቀመጥ። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት በቀኝ ማዕዘን የታጠፈ፣ ክቦች ያሉት ማስመሪያ ነው፤ ክቡ በፎቶው ላይ ሞላላ ከሆነ ካሜራው እንዳዘነበለ ይታወቃል። እሱ ከሌለ የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል። ማስመሪያም ከጠፋ ሳንቲም አስቀምጡ፤ ያንኑ ሳንቲም ግን በፖስታ አሽጉና ከማስረጃው ጋር አኑሩት።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። በብዙ ስልኮች ላይ ፊት የሚያሳምረው ማስተካከያ ተከፍቶ ነው የሚገኘው። እሱ ቆዳ ያለሰልሳል፣ ጠባሳ ያጠፋል፣ የተበለዘ ቦታ ያደበዝዛል። ለሠርግ ጥሩ ነው፤ ለእኛ ግን ማስረጃ አጥፊ ነው። ዝጉት።

ብርሃንም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ይህን ያየሁት ወርቃ አጠገብ በአንድ የቡና ማሳ ነው። የሰው ሬሳ ተገኝቶ ሳጅኑ ሐኪም አስፈልጎት ጠራኝ። ስንደርስ ሰማዩ ጠቁሯል። በሶንጎ የሚቀመጡ አንድ አባት ቀድመው ደርሰው ነበር። ሕዝቡን በጌዴኦፋ እየገሠጹ ከማሳው ውጭ አቁመውታል፤ በከዘራቸው መሬት ላይ መስመር አስምረው «ከዚህ ማንም አይለፍ» ብለዋል። ስለ ፎረንሲክ ማንም አላስተማራቸውም። ከሬሳው ትንሽ ራቅ ብሎ በጭቃው ላይ አንድ የኮንጎ ጫማ ዱካ ነበር። በፍላሽ ሲነሳ ጠፍጣፋ ነጭ ነገር ብቻ ሆነ። ሳጅኑ ጃኬቱን ዘርግቶ ጥላ ሠራ፣ እኔ የእጅ ባትሪ ከመሬት ዝቅ አድርጌ ከጎን አበራሁ። ዱካው ከነመስመሩ ብቅ አለ፤ ተረከዙ ላይ የነበረው ቀዳዳም ጭምር። ከአራቱም አቅጣጫ እያበራን፣ ማስመሪያ አስቀምጠን ደጋግመን አነሳን። ግማሽ ሰዓት አልቆየም፣ ዝናቡ ወረደ። ማሳው ሙሉ በሙሉ ታጠበ።

በጥርጣሬ ተይዞ የነበረው ጎረቤት ነበር፤ ከሟች ጋር በድንበር ይካሰሱ ነበር። ኮንጎ ጫማ የሚያደርገው አገሩ ሁሉ ስለሆነ ጫማው ብቻውን ምንም አይናገርም። ዱካው ግን ከጎረቤቱ ጫማ በቁጥር ይበልጣል፣ የእሱ ጫማ ተረከዝም ቀዳዳ የለውም። ፎቶው ብቻውን ሰውዬውን አላስፈታውም፤ ዱካው የሌላ መንገደኛም ሊሆን ይችላል። ግን መርማሪው «ሌላስ ማን ነበር?» ብሎ እንዲጠይቅ አደረገው። ማስረጃ ጥፋተኛን ለመያዝ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው፤ ያላጠፋውንም ይጠብቃል።

አሁን ወደ እኛ ልዩ ችግር ልምጣ። የሌላ አገር መጽሐፍ ይህን አይነግራችሁም። የስልካችን ፋይል ራሱ የሚመዘግበው ቀንና ሰዓት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ፎቶው ውስጥ «2024፣ ወር 5፣ ቀን 12፣ 20:14» ይላል። እኔ በእጄ የጻፍኩት የሕክምና ማስረጃ ደግሞ «4/9/2016፣ ከምሽቱ 2:14» ይላል። ሁለቱ አንድ ደቂቃ ናቸው፤ እኛ እናውቃለን። ግን አንዱ ተረኛ «8 ሰዓት» ብሎ ሲጽፍ የቀኑን ነው ወይስ የሌሊቱን፣ በማን አቆጣጠር? ጠበቃ የሚገባው በዚህች ክፍተት ነው፤ መብቱም ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ፣ «ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት» የሚለውን አትተዉ። ከመጀመሪያው ፎቶ በፊት ደግሞ የካርድ ቁጥር፣ ቀንና የአንሺው ስም የተጻፈበትን ወረቀት ራሱን አንሱ። የስልኩ ሰዓት ትክክል መሆኑን ማየትም አይዘንጋ።

ቀጥሎ አያያዙ ነው። ፎቶ ከተነሳ በኋላ አይቆረጥም፣ አይደምቅም፣ የደበዘዘውም አይሰረዝም። 14 ካነሳችሁ 14ቱም ይቀመጣሉ፤ ከተከታታይ ቁጥር አንዱ ከጎደለ «የጎደለው ምን ነበር?» ይባላል። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ስትልኩት ፋይሉ ይጨመቃል፣ ከውስጡም የተነሳበት ሰዓት ይጠፋል። ዋናው ፋይል እንዳለ ወደ አንድ ማስቀመጫ ይገልበጥ፣ ማን ከማን እንደተቀበለ በፊርማ ይመዝገብ። ሐኪሙ ስልክ ውስጥ ከልጆቹ የልደት ፎቶ ጋር ተደባልቆ አይቀመጥ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለትልቅ ነገርም ለትንሽም ያው መሆኑን አገራችን አይታለች። በአዋጅ ቁጥር 22/1984 ልዩ ዐቃቤ ሕግ ሲቋቋም የቀይ ሽብር ሰለባዎች ከተቀበሩ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎ ነበር። በፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ የታወቀው የአርጀንቲና ቡድን ተጋብዞ መጣ፤ መቃብሮች በሥርዓት ተቆፈሩ። በኮተቤ በተቆፈረው የጅምላ መቃብር በሟቾቹ አንገት ላይ የናይሎን ገመድ እንደታሰረ ተገኘ። እስቲ አስቡት፤ ያ ገመድ ለብቻው ተነስቶ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ገመድ ነው። ከአንገቱ አጥንት ጋር እንዳለ በፎቶ ሲያዝ ግን የአሟሟት ማስረጃ ይሆናል። የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት በታኅሣሥ 1987 ተጀምሮ የጥፋተኝነት ፍርድ የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ነው፤ 12 ዓመት ሙሉ። የምስክር ትዝታ በ12 ዓመት ይደክማል፤ በሥርዓት የተያዘ ፎቶ ግን ያኔ የነበረውን እንዳለ ይዞ ይቆያል። በመስቀል አደባባይ አጠገብ ባለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የገባ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል።

በእኛም አካባቢ በ2010 በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተፈጠረው ግጭት መቶ ሺዎች ሲፈናቀሉ፣ ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ። በየስልኩ ምስል ነበር። ግን ከዚያ ሁሉ ምስል ውስጥ የትኛው ነው የማን ቤት፣ በየትኛው ቀበሌ፣ በስንት ቀን መሆኑን የሚናገረው? ቦታና ቀን የሌለው ምስል የሐዘን ማስታወሻ ሊሆን ይችላል፤ ፍርድ ቤት ግን ብዙ አያስኬድም። ይባስ ብሎ የአንዱን ሰፈር ሬሳ የሌላው ነው እያሉ ቁጣ ለማነሣሣትም ያመቻል።

ስለ ክብር ሳልናገር ካለፍኩ ግማሹን ትቼዋለሁ። አንዲት ወጣት በፖሊስ ደብዳቤ መጣች፤ ክንዶቿ ላይ የጣት አሻራ የመሰለ የተበለዘ ምልክት አለ። አክስቷ አብራት ነበረች። ስልክ ሳነሳ ልጅቷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ስልኩን አስቀመጥኩና ተቀመጥኩ። ነርሷ በጌዴኦፋ እያስተረጎመችልኝ፣ «እህቴ፣ ይህ ምልክት በጥቂት ቀናት ይጠፋል። ከፈቀድሽ ክንድሽን ብቻ አነሳለሁ፤ ፊትሽ አይታይም። ካልፈቀድሽ ሕክምናሽ አይቀርም» አልኳት። አክስቷ «ዶክተር፣ ፌስቡክ ላይ ታወጡታላችሁ?» አለችኝ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ የሰው ቁስል በየገጹ ሲለጠፍ አይታለች። «አይወጣም እናቴ፤ ከመዝገቡና ከፍርድ ቤቱ ውጭ ማንም አያየውም» አልኳት። ልጅቷ ቆየት ብላ ክንዷን ዘረጋች። ፈቃዷን በጽሑፍ ወስደን አነሳን። ዛሬ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መካከል ያስቀምጠዋል።

ፎቶ የማይችለውንም እንወቅ። የበለዘን ቀለም አይቶ «የሦስት ቀን ነው» ማለት አይቻልም። ቢጫ ቀለም ከታየ ቢያንስ 18 ሰዓት ያህል አልፎታል ይባላል፤ ከዚያ በላይ የሚናገር ሐኪም ይገምታል እንጂ አያውቅም። ፎቶ ማን እንደመታም አይናገርም። የቁስሉን ጽሑፍና ሥዕላዊ መግለጫም አይተካም፤ ይደግፋል እንጂ። የማሰቃየት ምልክቶችን ለመመዝገብ የወጣው የኢስታንቡል ፕሮቶኮል ግን አንድ የሚያጽናና ነገር ይላል፤ ካሜራው ተራ ቢሆንም አንሱ፣ ምልክቱ ፈጥኖ ይጠፋልና።

አሁን ወደ ልመናዬ። መምህራኖቻችን እዚህ ስላላችሁ ዕድሉን አላሳልፍም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 34 ሐኪም ተጠርጣሪን መርምሮ ውጤቱን በጽሑፍ እንዲያሰፍር ፖሊስ ሊጠይቅ እንደሚችል ይደነግጋል። «በጽሑፍ» ነው የሚለው። ካሜራ በየሰው ኪስ ባልነበረበት ዘመን የተጻፈ ሕግ ነው፤ እኛ ግን አሁንም በዚያው ዘመን እንደቆምን ነን። አስከሬን ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ሲላክ ከዲላ እንኳ ወደ 360 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። እዚያ ያለው ባለሙያ የሚያየው ሬሳውን ነው፤ ጓሮውን አያየውም። ጓሮውን ልንልክለት የምንችለው በፎቶ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ኢንተርኖች ወደ ድንገተኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ከሕግ ትምህርት ቤት ተማሪዎችና ከአካባቢው መርማሪዎች ጋር አብረው ይህን ይለማመዱ። አንዱ ያነሳ፣ አንዱ ይጠይቅ፣ አንዱ እንደ ጠበቃ ይሞግት። ሁለተኛ፣ ለየጤና ጣቢያው አንድ ማስመሪያ፣ አንድ የእጅ ባትሪ፣ አንድ የፎቶ መመዝገቢያ ቅጽና አንድ የፈቃድ ቅጽ በፖስታ አድርገን እናዳርስ። ወጪው የዛሬውን ምሳችንን አያህልም፤ ማኅበራችን ይችለዋል። ሦስተኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የሶንጎ አባቶች እንዲነገራቸው እፈልጋለሁ። ሕይወት ያለውን አንሱ፣ አድኑ፤ ሕይወቱ ያለፈውን ግን ፖሊስ እስኪመጣ አታንቀሳቅሱት፣ በኮባ ከመሸፈናችሁ በፊት አንድ ሰው ከሩቅ ያንሳ፣ ሌላው ከመስመር አይለፍ።

ቅጹን ረቂቅ አድርጌ ይዤ መጥቻለሁ፤ ሃያ ቅጂ መግቢያው ጠረጴዛ ላይ አለ። የሕግ ትምህርት ቤት መምህራን እንድታርሙልኝ፣ ድንገተኛ ክፍል የምትሠሩ ጓደኞቼ ደግሞ ሞክራችሁ የማይሠራውን እንድትነግሩኝ እፈልጋለሁ። ወደ ጌዴኦ የሚመለስ መኪና ያለው ካለ ማስመሪያዎቹን ለመጫን ቦታ ያስቀርልኝ።